የልጆቻችንን የኢንተርኔት ጨዋታ ቃላት ስለ መረዳት

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጉዳዩ፦ በልጆች የኢንተርኔት ጨዋታ ውስጥ የሚነገሩ ቃላትን ለወላጆች የሚያስረዳ ቋሚ ዓምድ እንዲከፈት ስለ መጠየቅ

አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ፣ ስለ ልጆችና ስለ ስልክ በጋዜጦቻችንም ሆነ በወላጆች ስብሰባ ላይ የሚደረገው ውይይት «በቀን ስንት ሰዓት ይጫወቱ?» በሚል ጥያቄ ተጀምሮ በዚያው የሚያልቅ መሆኑ ነው። ሰዓቱ አያሳስብም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ልጁ በዚያ ሰዓት ውስጥ የት እንደነበረ፣ ከማን ጋር እንደተነጋገረ፣ ምን እንደገዛና ምን እንደደረሰበት የሚነግረን በራሱ ቃላት ነው፤ እነዚያን ቃላት ደግሞ አብዛኞቻችን አናውቃቸውም። አንድ ልጅ «ስካም አደረጉኝ» (አጭበረበሩኝ) ወይም «ቪሲ ግባ እያለኝ ነው» (በድምፅ እናውራ እያለኝ ነው) ሲል ለወላጁ የሚነግረው ነገር በጣም ከባድ ሊሆን ይችላል። ወላጁ ግን ስለማይገባው «ያንን ስልክ አስቀምጥና አጥና» ብሎ ያልፈዋል። በአንጻሩ «ሁለት ሰው ገድዬ ሞትኩ» የሚለውን ተራ የጨዋታ ወሬ ሰምቶ ክፉኛ የሚደነግጥና ልጁን የሚቀጣ ወላጅ አለ። ሊያስደነግጠን የሚገባውን ሳንሰማ፣ የማያስደነግጠው እያስቆጣን መቀጠል የለብንም ብዬ አምናለሁ።

«ጌም» የሚለው ቃል ራሱ በጣም የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ያጠቃልላል። በየሰፈሩ ባሉ የፕሌይስቴሽን ቤቶች ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚጫወቱት እግር ኳስ አሸናፊውና ተሸናፊው ፊት ለፊት የሚተያዩበት፣ የቤቱ ባለቤትም የሚሰማቸው ጨዋታ ነው። ዛሬ ልጆቻችን በእናታቸው ወይም በታላቅ ወንድማቸው ስልክ የሚገቡባቸው ዓለማት ግን እንዲህ አይደሉም። ሮብሎክስን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2006 ለሕዝብ የተከፈተው ይህ መድረክ አንድ ጨዋታ ሳይሆን፣ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው የሠሯቸው እጅግ ብዙ ጨዋታዎች የተሰበሰቡበት ቦታ ነው፤ ከሠሪዎቹም መካከል ብዙ ወጣቶችና ልጆች አሉ። በውስጡ የቤት እንስሳ የሚያሳድጉበት፣ ምግብ ቤት የሚከፍቱበት፣ በመሰናክል ላይ የሚዘሉበት፣ የሚያስፈራና ለሕፃን የማይመች ነገር የሚያዩበትም ጨዋታ ይገኛል። ስለዚህ አንድ ልጅ «ሮብሎክስ እየተጫወትኩ ነው» ቢል «መርካቶ ነኝ» እንዳለ ይቆጠራል፤ የትኛው ተራ፣ ከማን ጋር ብሎ መጠየቅ የወላጅ ፋንታ ነው። ማይንክራፍት ደግሞ ሌላ ነው። የስዊድኑ ሞያንግ ኩባንያ ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ2011 ሙሉ ሆኖ ከወጣ በኋላ በ2014 ማይክሮሶፍት በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል። ዛፉም ተራራውም ከኩብ ቅርጽ ብሎኮች የተሠራ ዓለም ሲሆን፣ ልጆች «ሰርቫይቫል» ሲሉ ርሃብንና ጭራቆችን እየተቋቋሙ የሚኖሩበትን ዓይነት፣ «ክሪኤቲቭ» ሲሉ ደግሞ ያለ ምንም ስጋት የፈለጉትን የሚገነቡበትን ዓይነት ማለታቸው ነው። ፍሪ ፋየርና ፐብጂ በበኩላቸው የተኩስ ውድድሮች ናቸው። በተለይ ፍሪ ፋየር አነስተኛ አቅም ባላቸው ስልኮች ላይ እንዲሠራ ሆኖ የተዘጋጀ በመሆኑ ውድ ስልክ የሌለው ቤተሰብ ልጅም በቀላሉ ይደርስበታል።

በቤት ውስጥ ከሁሉ በላይ ጠብ የሚያስነሣው «ማች ላይ ነኝ» የሚለው መልስ ነው። እራት ቀርቦ የተጠራ ልጅ እንዲህ ብሎ ሲመልስ ለወላጁ እንደ ንቀት ይሰማዋል። ነገሩን ከውስጥ ስናየው ግን ልጁ እየተናገረ ያለው እውነት ነው። በፐብጂ የተለመደ ዙር እስከ 100 ተጫዋቾች ከአውሮፕላን በፓራሹት ወደ ደሴት ይወርዳሉ፣ መሣሪያ ይፈልጋሉ፣ «ዞን» የሚሉት የመጫወቻ ክልል በየጊዜው እየጠበበ ያቀራርባቸዋል፣ መጨረሻ ላይ የቀረው ሰው ወይም ቡድን ያሸንፋል። ዙሩ ግማሽ ሰዓት ያህል ሊፈጅ ይችላል። በፍሪ ፋየር 50 ተጫዋቾች ናቸው፤ ጊዜውም አሥር ደቂቃ ገደማ ነው። ጨዋታው የሚካሄደው በተለያየ ቦታ ባሉ ሰዎች መካከል ስለሆነ አንዱ ልጅ እራት ስለተጠራ አይቆምም። ትቶ ሲነሣ «ኤ ኤፍ ኬ» ሆነ ይባላል፤ ከመጫወቻው ርቆ ቡድኑን ጥሎ የሄደ ማለት ነው። አብረውት ያሉት ጓደኞቹ አንድ ሰው ጎድሎባቸው ይሸነፋሉ፣ ይወቅሱታል፣ አንዳንድ ጊዜም ጨዋታው ራሱ ይቀጣዋል። ይህን የተረዳ ወላጅ «አሁኑኑ ዝጋ» ከማለት ይልቅ «ስንት ደቂቃ ቀረህ? ከዚህ በኋላ ሌላ ማች አትጀምርም» ብሎ ሊስማማና ስምምነቱንም በጥብቅ ሊያስከብር ይችላል። ሰበቡ በሁሉም ቦታ እንደማይሠራም ማወቅ ያስፈልጋል። ብቻውን በራሱ ማይንክራፍት ዓለም ውስጥ የሚገነባ ልጅ በፈለገው ጊዜ ወጥቶ ነገ ካቆመበት መቀጠል ስለሚችል፣ በዚያ ጨዋታ ላይ «ማቆም አልችልም» ቢል ወላጁ ሊቀበለው አይገባም።

የሞትና የመግደል ቃላትም በልካቸው መታየት አለባቸው። «ኖክ ሆንኩ» ማለት ወድቄያለሁ፣ ግን ጓደኛዬ ቢደርስልኝ እነሣለሁ ማለት ነው፤ ጓደኛው ሲያነሣው «ሪቫይቭ አደረገኝ» ይላል። «ሪስፖን» ደግሞ ከሞቱ በኋላ እንደገና ወደ ጨዋታው መመለስ ነው። በማይንክራፍት የሞተ ልጅ ወዲያው ይመለሳል፤ ሆኖም የያዘው ንብረት ሁሉ በሞተበት ቦታ ይበተናል፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ካልሰበሰበውም ይጠፋል። እንግዲህ ልጅዎ «ሞትኩ!» ብሎ ሲያለቅስ የሚያለቅሰው ለሳምንታት ሲያሰባስበው ለቆየው ንብረት ሊሆን ይችላል። «ላግ እያደረገ ነው» ብሎ ቢጮህም መስመሩ ተንቀርፍፎ ያዘዘው ነገር ዘግይቶ መድረሱን መናገሩ ነው እንጂ ማንንም መሳደቡ አይደለም።

ስድቡ ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ እሱ በእውነት ያሳስበኛል። «ኖብ» ጀማሪ ወይም የማይችል ማለት ነው፣ እንደ አነጋገሩ ቀልድም ስድብም ይሆናል። «ቦት» በጨዋታው ውስጥ በኮምፒዩተር የሚንቀሳቀስ ሰው መሰል ነገር መጠሪያ ነው። ለሰው ሲነገር ግን «አንተ ሰውም አይደለህ» እንደ ማለት ነው። ከሁሉም በላይ ሊታወቅ የሚገባው በልብስ ላይ የሚደረገው ንቀት ይመስለኛል። በእነዚህ ዓለማት እያንዳንዱ ልጅ እሱን የሚወክል ምስል አለው፤ ምስሉ የሚለብሰውን መልክ «ስኪን» ይሉታል። ሲጀምሩ በነጻ የሚሰጠውን መልክ እንደያዘ የሚገባውን ልጅ ፎርትናይት በሚባለው የተኩስ ጨዋታ «ዲፎልት»፣ በሮብሎክስ ደግሞ «ቤከን» እያሉ ያላግጡበታል፤ አንዳንዶቹም በቡድናቸው አያስገቡትም። በክፍል ውስጥ ሁሉም አንድ ዓይነት ዩኒፎርም የሚለብሱ ተማሪዎች ማታ በስልክ ሲገናኙ ማን ገንዘብ እንዳለው በግልጽ ይተያያሉ። አንድ ልጅ «ስኪን ግዙልኝ» ብሎ ሲለምን ከበስተጀርባው ምናልባት ይህ ውርደት ሊኖር ይችላል። ወላጁ አልገዛም ማለት መብቱ ነው፤ ሲከለክል ግን ልጁ ስለ ምን እየተጨነቀ እንደሆነ አውቆ ቢነጋገር ክልከላው ሌላ መልክ ይኖረዋል።

ከዚህ ተነሥተን ወደ ገንዘቡ እንገባለን። ዓምዱ ቢከፈት ሰፊውን ቦታ እንዲይዝ የምፈልገውም ይኸው ክፍል ነው። ሮብሎክስ «ሮባክስ»፣ ፎርትናይት «ቪ ባክስ»፣ ፐብጂ ሞባይል «ዩሲ»፣ ፍሪ ፋየር «ዳይመንድ» የሚባሉ የየራሳቸው ገንዘቦች አሏቸው። እነዚህ በእውነተኛ ገንዘብ የሚገዙ ናቸው። ልጁ ግን ዕቃውን ሲገዛ የሚያየው ብርን ሳይሆን የጨዋታውን ቁጥር ስለሆነ ዋጋው ከዓይኑ ይሰወርበታል። ብሩ ወደ ዶላር፣ ዶላሩ ወደ ሮባክስ ተመንዝሮ ሲያልቅ አንድ ኮፍያ ስንት ብር እንደወጣበት ብዙ አዋቂም ቶሎ ብሎ አይደርስበትም። አሠራሩ ሆን ተብሎ ገዢን ሊያሳስት እንደሚችል የሚያሳይ የታወቀ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 የፎርትናይት ባለቤት ኤፒክ ጌምስ ከአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር በደረሰበት ስምምነት በጠቅላላው 520 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ሆኗል። ከዚህ ውስጥ 275 ሚሊዮኑ የልጆችን የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ በመጣሱ የተጣለበት ቅጣት ሲሆን፣ 245 ሚሊዮኑ በአዝራሮች አቀማመጥና በመሳሰሉት ዘዴዎች ሳያስቡት ግዢ እንዲፈጽሙ ለተደረጉ ተጠቃሚዎች የሚመለስ ነው።

«ሉት ቦክስ» የሚባለውም መታወቅ አለበት። ልጁ ገንዘብ ከፍሎ በውስጡ ምን እንዳለ የማያውቀውን ሣጥን ይከፍታል፤ የተመኘው ነገር ሊወጣም ላይወጣም ይችላል። በእግር ኳስ ጨዋታ «ፓክ» የሚሉት የተጫዋቾች ካርድም አሠራሩ ተመሳሳይ ነው። ቤልጅየም እ.ኤ.አ. በ2018 በልጆቻችን ዘንድ የሚወደደውን ፊፋን ጨምሮ በአንዳንድ ጨዋታዎች ውስጥ በገንዘብ የሚሸጡ እንዲህ ያሉ ሣጥኖች የቁማር ሕጓን የሚጥሱ ናቸው ብላ ወስናለች። የስፖርት ውርርድ ቤቶች በወጣቶቻችን ላይ ስላደረሱት ጉዳት ብዙ ተጽፏል። የአሥር ዓመት ልጅ በእናቱ ስልክ ላይ «ፓክ ልክፈት» ሲል ግን ከውርርዱ ጋር የሚያገናኘው የለም፣ ቃሉ አዲስ ስለሆነብን ብቻ።

በእኛ ከተማ ሁኔታ የሚጨመር ችግርም አለ። አብዛኞቹ ቤተሰቦች በውጭ አገር ግዢ የሚፈጸምበት የባንክ ካርድ ስለሌላቸው ልጆች ዩሲና ዳይመንድ የሚገዙት በቴሌግራም ከሚገኙ አሻሻጮች በቴሌብር እየከፈሉ ነው። ከእነዚህ መካከል በታማኝነት የሚሠሩ አሉ። ዳይመንድ ለመሙላት የተጫዋቹ መለያ ቁጥር ብቻ ይበቃል፤ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ሻጭ ካለ ልጁ ወዲያውኑ ውይይቱን ማቋረጥ አለበት። የይለፍ ቃሉን ያገኘ ሰው ልጁ ለዓመት የደከመበትን አካውንት ወስዶ ለሌላ ሊሸጠው ይችላልና። «ሮባክስ በነጻ» የሚሉ ድረ ገጾችና ቪዲዮዎች በሙሉ ማታለያ መሆናቸውን ኩባንያው ራሱ ያስጠነቅቃል፤ ሆኖም ልጆች በየቀኑ ይጠመዱባቸዋል። ሌላው «ትረስት ትሬድ» የሚሉት ነው። በአንዳንድ የሮብሎክስ ጨዋታዎች ልጆች የቤት እንስሶቻቸውን ወይም ዕቃቸውን ይለዋወጣሉ፤ አንዱ «ካመንከኝ መጀመሪያ አንተ ስጠኝ፣ ከዚያ የተሻለ እሰጥሃለሁ» ይላል፣ ተቀብሎም ይጠፋል። አንድ ልጅ ተበድሎ ሲያለቅስ «የሌለ ውሻ ነው የጠፋብህ» ብሎ ማጣጣል ቀላል ነው። ልጁ ግን ያጣው ውሻውን ብቻ አይደለም፤ ባመነው ሰው መታለሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየበት አጋጣሚ ነው። በዚያ ሰዓት የሚሰማው ወላጅ ያስፈልገዋል፤ በዚያ ጊዜ ያልተሰማ ልጅ ከዚህ የከፋ ነገር ሲደርስበት ለወላጁ አይናገርም።

የከፋው ነገር በግንኙነት ቃላት ውስጥ ነው የሚገኘው። «ፍሬንድ» በእነዚህ ዓለማት ውስጥ ጥያቄ ልኮ የተፈቀደለት ሰው ሁሉ ነው፤ ጎረቤትም ሊሆን ይችላል፣ በሌላ አህጉር ያለ ዕድሜው የማይታወቅ ሰውም ሊሆን ይችላል። «ቪሲ» በድምፅ መነጋገር ነው። «ዲ ኤም» ሌላ ሰው የማያየው መልእክት ነው። «ፕራይቬት ሰርቨር» የተጋበዙ ብቻ የሚገቡበት የጨዋታ ቦታ ነው። እነዚህ ቃላት በራሳቸው ክፉ አይደሉም። እንዲያውም አንድ ነገር ልመስክር። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ ዶሮ ማነቂያ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከካዛንቺስ በልማት ምክንያት የተነሡ ቤተሰቦች ልጆች በከተማዋ ዳርቻዎች ተበታትነዋል። በአንድ ግቢ ያደጉ ልጆች ዛሬ በተለያየ ትምህርት ቤት ይማራሉ። በየምሽቱ ግን በአንድ «ስኳድ» (የአራት ልጆች ቡድን) ተሰብስበው በቪሲ እየተሳሳቁ የሚጫወቱ አሉ፤ አራቱም የድሮውን የሰፈር ቅጽል ስማቸውን ይዘዋል። ለእነሱ ያ የድምፅ መስመር ከአብሮ አደጎቻቸው ጋር የቀራቸው ብቸኛ መገናኛ ነው። ስልኩን የሚነጥቅ ወላጅ ይህንንም አብሮ እንደሚነጥቅ ቢያውቅ እወዳለሁ።

ስለዚህ «ቪሲ» የሚለውን ቃል ሰምቶ መደናገጥም ሆነ ችላ ማለት አይበቃም፤ መጠየቅ ያለበት «ይህን ልጅ በአካል ታውቀዋለህ?» የሚለው ነው። አደጋው ከአንድ ቃል ይልቅ በቃላቱ ቅደም ተከተል ይታያል። መጀመሪያ ስጦታ ይመጣል፤ «ስኪን ልግዛልህ»፣ «ሮባክስ ልላክልሽ» ይባላል። ቀጥሎ ምስጢር ይመጣል፤ «ለማንም እንዳትናገሪ» ይባላል። ከዚያ ወደ ሌላ ቦታ መጋበዝ ይከተላል፤ «ዲስኮርድ ግቢ» (ዲስኮርድ ሌላ የመነጋገሪያ መተግበሪያ ነው)፣ «ቴሌግራምሽን ላኪልኝ» ይባላል። የመጨረሻው ምክንያት አለው። ሮብሎክስ በመልእክት ውስጥ ያልተፈቀዱ ቃላትን በምልክት ይሸፍናቸዋል፤ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2024 ወዲህም ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆች፣ ወላጅ ካልፈቀደ በቀር፣ ከጨዋታ ውጭ በቀጥታ መልእክት እንዳይለዋወጡ አድርጓል። ክፉ ሐሳብ ያለው ሰው ልጁን ይህ ጥበቃ ወደሌለበት መተግበሪያ ለመውሰድ የሚቸኩለው ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ፎቶ ይጠየቃል፤ ፎቶው ከተላከ ማስፈራሪያ ይከተላል።

እዚህ ላይ በእኛ አገር ብቻ የሚያጋጥም አንድ ነገር አለ፤ ማንም ሲያነሣው አልሰማሁም። ብዙዎቹ መተግበሪያዎች የልጁን ዕድሜ የሚያሰሉት በአብዛኛው አካውንቱ ሲከፈት በተጻፈው የልደት ዓመት ነው። በ2008 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ቤት ውስጥ የሚያውቀውን ዓመት ሳይቀይር «2008» ብሎ ቢጽፍ፣ ኩባንያው ዓመቱን በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሚያነብበው ከእውነተኛው ዕድሜው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የሚበልጥ አድርጎ ይመዘግበዋል። የአሥር ዓመት ልጅ ያለ ምንም ውሸት የአሥራ ሰባት ወይም የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ሆኖ ይቆጠራል። ለሕፃናት የተዘጋጀው ጥበቃ ይቀንስበታል፤ የቃላት ማጣሪያው ይላላል፣ የመልእክት ገደቡም ሊነሣ ይችላል። አካውንቱ በእናት ወይም በአባት ስም የተከፈተ ከሆነም ውጤቱ ያው ነው። እያንዳንዱ ወላጅ ዛሬ ማታ ከልጁ ጋር ተቀምጦ የተመዘገበውን የልደት ዓመት እንዲያይ በብርቱ እለምናለሁ።

ወላጆች ሦስት ተጨማሪ ቃላትን ከልጆቻቸው ጋር ቢለማመዱ ይጠቅማል። «ሙት» የሰውየውን ድምፅ መዝጋት፣ «ብሎክ» ጨርሶ እንዳያገኘን ማድረግ፣ «ሪፖርት» ለኩባንያው ማመልከት ነው። ነገሩ ማስፈራራት ወይም የፎቶ ጥያቄ ያለበት ከሆነ ብሎክ ከማድረግ በፊት የውይይቱን «ስክሪንሾት» ማንሣትና ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ማስረጃው ለፖሊስ ይጠቅማልና። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ በመልእክት ወይም በምስል ለወሲባዊ ድርጊት ማነሣሣትን በጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል። ሕጉ አለ። ሕጉ የሚጠቅመው ግን ልጁ ከተናገረ ነው። ልጆች የማይናገሩበትን ምክንያት ስጠይቃቸው የምሰማው መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ስልኩን ይቀሙኛል» ይላሉ። በደሉን የተናገረ ልጅ በመናገሩ ምክንያት እንደማይቀጣ ወላጅ አስቀድሞ፣ ምንም ነገር ሳይፈጠር፣ ቃል ሊገባለት ይገባል።

እኛ አዋቂዎች የምንጠቀምባቸው ቃላትም መታረም አለባቸው። ብዙ የሚጫወተውን ልጅ ሁሉ «ሱሰኛ» እንላለን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ ከጨዋታ ጋር የተያያዘ የጤና እክልን አካቷል፤ መስፈርቱ ግን ቀላል አይደለም። ሰውየው ጨዋታውን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ጨዋታው ከሌላው የሕይወቱ ክፍል ሁሉ ሲቀድምበት፣ ጉዳት እያየም ሲቀጥልበት፣ ይህም በአብዛኛው ለ12 ወራት ያህል ሲዘልቅና ኑሮውን በጉልህ ሲያናጋው ነው። ይህ የሚታይበት ልጅ ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት። ቅዳሜ ከሰዓቱን በጨዋታ ያሳለፈን ተማሪ ግን በዚህ ስም መጥራት በእውነት የታመመውንም እንዳናይ ያደርገናል።

አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ እነዚህን የባዕድ ቃላት በጋዜጣ ማተም አማርኛን ያበላሻል የሚል ስጋት እንዳላቸው አውቃለሁ። ስጋታቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን የመጀመሪያው ሥራ ወላጅ ከልጁ አፍ የሰማውን ቃል በጋዜጣው ላይ አግኝቶ እንዲያውቀው ማድረግ ነው። ለ«ስኪን» ወይም ለ«ላግ» አዲስ ቃል ፈጥረን ያንን ብቻ ብናትም ወላጁ በቤቱ ከሚሰማው ጋር አያገናኘውም። ልጆቹ ራሳቸው «ደረጃ»ን፣ «ቡድን»ን፣ «ተልእኮ»ን በአማርኛ ሲጠቀሙ እሰማለሁ፤ የሚስማማቸውን ከማናቸውም ኮሚቴ ቀድመው መርጠዋል። ቃሉ በፊደላችን ይጻፍ፣ ትርጉሙ በጥሩ አማርኛ ይብራራ፤ የስያሜውን ጉዳይ የቋንቋ ምሁራን በጊዜው ይመልከቱት።

በዚህ መሠረት ጋዜጣው በሳምንት አንድ ጊዜ ትንሽ ቦታ እንዲሰጠን እጠይቃለሁ። በእያንዳንዱ እትም ጥቂት ቃላት ብቻ ቢወጡ፣ ቃሉ በየትኛው ጨዋታ እንደሚነገር፣ ምን ማለት እንደሆነ፣ ወላጅ ሲሰማው ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ቢገለጽ ይበቃል። ለእርማት የሚጻፍ የልጆች አስተያየትም ቦታ ቢኖረው መልካም ነው፤ እነዚህ ቃላት ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጡ ካለ እነሱ ዓምዱ በወራት ውስጥ ያረጃል። አራት ኪሎ የሚገኘው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ወላጆችና ልጆች አብረው ተቀምጠው የሚነጋገሩበት አንድ ቅዳሜ ቢያዘጋጅ ለአካባቢያችን ቤተሰቦች ቅርብ ነው፤ ይህን ጥያቄ ለቤተ መጻሕፍቱም በተለየ ደብዳቤ አቀርባለሁ። እኔና በትምህርት ቤታችን ያሉ ፈቃደኛ መምህራን የተማሪዎቹን ስም ሳንጠቅስ ቃላቱን እየሰበሰብን፣ ትርጉማቸውንም ከልጆቹ ጋር እያመሳከርን ያለ ክፍያ ለዝግጅት ክፍሉ ለማቅረብ ዝግጁዎች ነን።

ትምህርት ቤቶች በሰኔ መጨረሻ ሲዘጉ ልጆች ክረምቱን በአብዛኛው ቤት ውስጥ፣ ከስልክ ጋር ያሳልፋሉ። ዓምዱ ከዚያ በፊት ቢጀመርና የመጀመሪያው እትም ስለ ልደት ዓመት አመዘጋገብና ስለ ገንዘብ ቃላት ቢሆን፣ በዚህ ክረምት ሊደርስ ከሚችለው ጉዳት የተወሰነውን ማስቀረት ይቻላል። ዝግጅት ክፍሉ የሚሰጠንን መልስ በአክብሮት እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

አንድ የአማርኛ ቋንቋ መምህር
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ